በቀን አርባ ዶቃ

ጿሚ ሰው አይወፍርም ብላችሁ የምታምኑ ካላችሁ ይህን የጻፍሁት ለእናንተ ነው። እኔም እንደዚያው አምን ነበር። ማመን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄጄ ከሐኪም ጋር ተጣልቼበታለሁ። መምሬ ፈቃደ እባላለሁ። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ ባለ ደብር ከወጣትነቴ ጀምሬ በክህነት አገለግላለሁ። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢዩን፣ ፍልሰታን፣ ጾመ ነቢያትን አጓድዬ አላውቅም። ይኸው ጿሚ ሰው ታዲያ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ደርሶ ነበር።

የጀመረኝ በትንፋሽ ነው። ለቅዳሴ ኅብስቱ ከሚዘጋጅበት ቤት፣ ከቤተልሔም፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያለችው መንገድ ዳገት እንኳ አትባልም፤ እንዲያው ከፍ ያለች ናት። እሷን ስወጣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ጀመር። ብርድ ነው አልሁ። መንዝ ውስጥ በብርድ የማይሳበብ በሽታ የለም። ቀጥሎ ጉልበቴን አመመኝ። ከዚያ ጫማዬን ለማሰር ስጎነበስ ዓይኔ ይጨልምብኝ ጀመር፤ ባለቤቴ አስካለ እየተንበረከከች ታስርልኛለች። ሰው ግን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "መምሬ፣ ፊትዎ ወዛ! ተመስገን፣ ደልቶዎታል" ይለኛል። እኛ ዘንድ ቄስ ከከሳ የሚታማው ምእመኑ ነው፤ "ቄሳቸውን እንኳ አያበሉም" ይባላል። የእኔ ሆድ የደብሩ ኩራት ነበር ብል አልዋሸሁም።

ነገሩ የተገለጠው አንድ እሑድ በቅዳሴ ላይ ነው። ዋናው ቀዳሽ እኔ ነበርሁ። ረጅሙን ዜማ ጀምሬ መሀሉ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ቃሉ አፌ ላይ አለ፣ አየሩ ግን የለም። አብሮኝ የሚቀድሰው ቄስ ቶሎ ነቅቶ ዜማውን ከአፌ ተቀብሎ ጨረሰው። እኔ ላብ በጀርባዬ ሲወርድ እየተሰማኝ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አለቃ ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ።

"መምሬ፣ ሰሞንዎን ለሌላ ሰጥቻለሁ። ታክመው ይምጡ። መቅደስ ውስጥ ቢወድቁብኝ ምን እመልሳለሁ?" አሉኝ።

ሰሞን ማለት ቄስ በተራው የሚያገለግልበት ሳምንት ነው። ሰሞኑን የተቀማ ቄስ ምኑ ቄስ ነው? ማረስ እችላለሁ፣ ማጨድም አያቅተኝም፤ ነገር ግን እኔን እኔ የሚያደርገኝ መቅደስ ገብቼ መቀደስ ነው። ዳግመኛ ሳልቀድስ እሞት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ሞቱ እንኳ ያን ያህል አላስፈራኝም፤ ያስፈራኝ "ሳልቀድስ" የሚለው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሕክምናው ጣጣ ሆነ። መጀመሪያ የሄድሁበት ክሊኒክ ደሜን መርምሮ "ታይፎይድ ነው" አለኝ። ታይፎይድ የለብህም ተብሎ ከክሊኒክ የወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። ክኒኑ አለቀ፣ ትንፋሼ ያው ነው። ሁለተኛው ክሊኒክ "አስም ነው" ብሎ አፍ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠኝ። አስካለ በበኩሏ "ይኼ ዓይነ ጥላ ነው፤ በድምፅዎ የቀና ሰው አለ" አለች። ጸበል ገባሁ። ጸበሉን አላማም፤ የተሸበረውን ልቤን አረጋግቶልኛል። ከጸበል ወጥቼ የምጠጣትን በማር የተበጠበጠች በሶ ግን ያን ጊዜ ልብ አላልኋትም።

ሌሊቱ ደግሞ የባሰ ነበር። ጋደም ስል የታፈንሁ ይመስለኛል፤ ብንን ብዬ ስነሣ አስካለ ቁጭ ብላ እያየችኝ ነው። "ምነው አትተኚም?" ስላት "ትንፋሽዎ ሲቆም እሰማለሁ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም እንቅልፍ አጣን። ሁለት ሙክት ሸጠን ደብረ ብርሃን ወረድን።

ሆስፒታሉ ውስጥ ወረፋው አይጣል ነው። አግዳሚው ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ከራቤል ከተማ ባሏን ይዛ የመጣች አንዲት ሴት ላቤን አይታ "መምሬ፣ እዚህ ይደገፉ" ብላ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ያ ለአንድ ሰው የተለቀቀ ቦታ ለእኔ አልበቃኝም፤ አጠገቧ የነበረው ባሏም ተነሣ። አፈርሁ። ሴትዮዋ መስቀል ልሳለም ስትል አወጣሁት፤ ከፍ አድርጌ ለመያዝ ግን አቅም አነሰኝ፤ እሷም እጄን በሁለት እጇ ደግፋ ተሳለመች። ያን ቀን ባራኪዋ እሷ ነበረች።

ልቤን በመሣሪያ አዩት፣ ሳንባዬን ራጅ አነሡት። ሐኪሙ የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ወረቀቱን አገላብጦ ሲያበቃ "መምሬ፣ ልብዎ ለጊዜው ደህና ነው። አስምም የለብዎትም። ደም ግፊትዎ ከፍ ብሏል፣ ስኳርዎም አፋፉ ላይ ቆሟል። ትንፋሽ ያሳጣዎት ግን ውፍረት ነው" አለኝ።

"የምን ውፍረት?"

"ክብደትዎ በዝቷል መምሬ።"

ቆሽቴ አረረ። "አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ቄስ ነኝ! ከዓመቱ የሚበልጠውን ጊዜ እጾማለሁ። ጾም ያወፍራል እንዴ?"

"እኔም እጾማለሁ መምሬ። ሰዓቱ ሲደርስ ምን ይበላሉ?"

"የጾም ነዋ! በሶ፣ ሽሮ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ጠላ። ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው!"

"ዘይቱስ?"

"ዘይት ደግሞ ኃጢአት ሆነ?" ብዬ ተነሣሁ። አስካለ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ልጁ አልተቆጣም። "ኃጢአት አላልሁም። ሠላሳ ኪሎ ያህል ቢቀንሱ ወደ ቅዳሴዎ ይመለሳሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ካልቀነሱ ልብዎም ተራውን ይጠብቃል" አለኝ። በሚኒባሱ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሰደብሁት። "ወደ ቅዳሴዎ ይመለሳሉ" ያለው ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ክትትሉን መሐል ሜዳ አድርግ ስለተባልሁ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ከበሩ ስገባ ሚዛኑ አጠገብ የቆመችው ነርስ ሲስተር ትዕግሥት ሆና አገኘኋት። የንስሐ ልጄ ናት፤ ኃጢአቷን የምትናዘዘው ለእኔ ነው። ልመለስ ዘወር ስል ጠራችኝ።

"መምሬ፣ ወዴት ነው?"

"ረስቼው የመጣሁት ነገር..."

"ምንም አልረሱም፤ ይቀመጡ። እኔ ሁሉን ስነግርዎት አልነበር? ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው። ትላንት ከአፍዎ የገባውን ሁሉ ይንገሩኝ።"

ነገርኋት። ጣቷን እያጠፈች ሰማችኝ፤ ጣቷ አለቀና ወረቀት አመጣች። ከዚያ ካሎሪ የሚባለውን አስረዳችኝ። "ምግብ ሁሉ እንደ ኩበት ነው። ሰውነት ያነደዋል፣ ጉልበት ያገኝበታል። ካሎሪ ማለት የዚያ ጉልበት መለኪያው ነው። እርስዎ የሚነድደውን እጥፍ ያህል ኩበት ያስገባሉ፤ ያልነደደው የት ይሂድ? ይከመራላ!" አለችኝ። ክምሩን በእጄ ዳሰስሁት። በዕድሜዬና በክብደቴ አስልታ በቀን አንድ ሺህ ስድስት መቶ ካሎሪ ፈቀደችልኝ። ይህ ለእኔ የወጣ ልክ ነው፤ እናንተ ባለሙያ ሳትጠይቁ እንዳትጀምሩት፣ በተለይ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ።

እኔ ደግሞ በማዕድ ላይ ብዕር ይዞ መቀመጥ አይሆንልኝም። ስለዚህ አስካለ ከገበያ ጥቁር ዶቃ ገዝታ በበግ ጠጉር ክር አርባውን ሰካችልኝ። አንዷ ዶቃ አርባ ካሎሪ ናት። ትዕግሥት ዋጋውን አወጣችልኝ፤ ሙሉ እንጀራ ዘጠኝ ዶቃ፣ አንድ ጣሳ ጠላ ሦስት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሦስት፣ ትልቅ ቁራጭ ድፎ ዳቦ ስምንት። በማር የተበጠበጠች አንድ ኩባያ በሶ ስንት ብትሆን ጥሩ ነው? አሥር! እኔ በሶን እንደ ውኃ ነበር የምቆጥራት። አንዳንድ ቀን ሦስት ኩባያ ጠጥቼ ገና እራት የሚባለውን እጠብቃለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቴ ውስጥ ጦርነት ነበር። አንድ ማታ ወጡን አይቼ "ዘይቱ በዛ፣ ስንት ማንኪያ አደረግሽበት?" አልኋት። አስካለ ጭልፋውን አስቀመጠች። "ይኼን ሁሉ ዘመን መርዝ ነው ያበላሁዎት?" አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። "ከሰው በልጠው እንዲታዩ ብዬ ከራሴ አጉድዬ ያቀረብሁልዎት! አሁን ገዳዬ ነሽ ይበሉኛ!" እራቴን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። "አስካልዬ፣ አንቺ ያበላሽኝ በፍቅር ነው፣ እኔም የበላሁት በፍቅር ነው። አሁን ግን መቅደስ መግባት አማረኝ፤ አግዢኝ" አልኋት። ያን ማታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። በማግሥቱ ግን ማንኪያ ከዘይቱ ጠርሙስ አንገት ላይ በክር ታስሮ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ይልቅ እሷ ጥብቅ ሆነች፤ ቆሎ ስዘግን እንኳ "ዶቃው!" ትለኛለች።

ቀነስሁ። ረኃቡ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ መንዝ ላይ ብርዱ ራሱ ብላ ብላ ይላል። ቢሆንም ቀበቶዬ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጫማዬን ራሴ ማሰር ጀመርሁ። በዚህ መሀል ግን አንድ ጉድ ተፈጠረ። ሰው ቤት ስጋበዝ እጄን ጋቢዬ ውስጥ አድርጌ ዶቃውን አሳልፋለሁ። ሰዉ መቁጠሪያ መስሎት "መምሬ ከታመሙ ወዲህ ጸሎት አበዙ፤ በማዕድ ላይ እንኳ ከንፈራቸው ዝም አይልም" ይል ጀመር። ከንፈሬ የሚለው "ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት" ነው። ላስረዳ እልና ይሉኝታ ይይዘኛል። በቅድስና መታማት ደግሞ፣ መቼም አይጣል፣ ደስ ይላል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሚዛኑ ቀጥ አለ። ብወጣበት ያው፣ ብመለስበት ያው። ትዕግሥት ግራ ገባት። "መምሬ፣ ሁሉንም ነግረውኛል?" ትለኛለች። "ሁሉንም!" እላለሁ፤ ከልቤ ነው የምለው። ሚዛኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ብለን የጤና ጣቢያው ዘበኛ ወጥቶበት አረጋግጧል። ተስፋ ቆረጥሁ። የእኔ ሰሞን በሌላ ቄስ እየተቀደሰ ክረምትና በጋ ሊፈራረቅ ነው። መቅደሱን በውጭ ዞሬ ስሳለም እንደ እንግዳ ሆድ ይብሰኝ ጀመር።

ሚስጥሩን ያገኘችው ራሷ ትዕግሥት ናት። የሚካኤል ማኅበር በአባቷ ቤት ተራው ደርሶ እሷ ዳቦና ጠላ ታቀርብ ነበር። እኔ እንደ ደንቡ ዳቦውን ባርኬ ቆረስሁ፣ በላሁ፤ ተጨመረልኝ፣ በላሁ። ጠላውም እንዲሁ። ስወጣ ደግሞ ለቤት ብለው በነጠላ ቋጠሩልኝ። ልትሸኘኝ ተከትላኝ ወጣችና አጥሩ ሥር ቆመች።

"መምሬ፣ እንዳይቆጡኝ። ዛሬ ጣትዎ ዶቃው ላይ አልነበረም።"

"ለምን ይሆናል?"

"ያ ሁሉ ዳቦስ?"

"አንቺ ልጅ፣ ጸበል ጸዲቅ ነው እኮ! የመልአኩ ስም ተጠርቶበት፣ በእጄ ባርኬው! ይቆጠራል እንዴ?"

ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ "በወር ስንት ማኅበር አለብዎት?" አለችኝ። የማርያም፣ የሚካኤል፣ የመድኃኔዓለም፣ የተክለ ሃይማኖት... ክርስትናው፣ ተዝካሩ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም የሚመጣው። ስቆጥር ጣቴ አለቀ። አንዱንም በዶቃ አሳልፌው አላውቅም። እኔ የባረክሁት ምግብ ይፈውሳል እንጂ ያወፍራል ብሎ ማሰብ ራሱ ድፍረት ይመስለኝ ነበር።

"መምሬ፣ በረከቱን ማን ይቆጥረዋል? ዱቄቱ ግን ይቆጠራል" አለችኝ። ቀጥላም "ልጆች ሳለን ከጸበል ጸዲቅ ፍርፋሪው ይበቃል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነበሩ" አለች። ያቺን የቋጠሩልኝን ዳቦ መንገድ ላይ ላገኘኋቸው ሰዎች አድዬ ባዶ እጄን ቤቴ ገባሁ።

ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ እምቢ ማለት ሌላ። እኛ አገር "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" እያለ የሚለምንን ሰው ማን እምቢ ይላል? የሚቀጥለው ማኅበር እማማ ዘውዴ ቤት ነበር። ባልቴት ናቸው፤ ተራቸው እስኪደርስ ዓመቱን ሙሉ ገብሳቸውን ቆጥበው ነው የሚደግሱት። ዳቦውን ባርኬ ቆረስሁና ለእኔ ጥፍር የምታህል አስቀርቼ ሌላውን ለሰው አሳለፍሁ። እማማ ዘውዴ ጨመሩልኝ፤ በእጄ ከለከልሁ። ደግመው መጡ፤ ከለከልሁ።

"መምሬ፣ ከቤቴ ምን አይተው ነው?" አሉኝ። "ርኩሰት አለበት? የሞተው ባሌ ኃጢአት ታየዎት? በእግዜር፣ ይንገሩኝ!"

እኚህ ሴት ዳቦዬ ተናቀ ብለው ሌሊቱን ሲያለቅሱ ሊያድሩ ነው። ከጋቢዬ ውስጥ ዶቃውን አውጥቼ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። "ሁላችሁም ስሙኝ። ይህ መቁጠሪያ አይደለም። የምጸልይ እየመሰላችሁ ስታመሰግኑኝ የነበረው፣ እኔ የበላሁትን እንጀራ ስቆጥር ነው። ሐኪም ካልቀነስህ አትቀድስም ብሎኛል። የእማማ ዘውዴ ዳቦ ቢናቅ ኖሮ እንዲህ ምራቄን እየዋጥሁ አልቀመጥም ነበር። መቅደስ መመለስ ፈልጌ ነው" አልሁ።

እማማ ዘውዴ ዶቃውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ወይ ጉዴ! እኔ ደግሞ የልጅ ልጆቼን 'መምሬን እዩ፣ በማዕድ ላይ እንኳ ፈጣሪያቸውን አይረሱም' እያልሁ ስገርፍ!" ቢሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ከዚያ እማማ ከዳቦው አውራ ጣት የምታህል ቆርሰው "ይቺስ ስንት ዶቃ ናት?" አሉኝ። "አንድም አትሞላ።" "እንግዲያው በሞቴ!" ብለው በእጃቸው አጎረሱኝ። እንደዚያች ጉርሻ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማኅበሩ "የመምሬን ትንሿን" ብለው ለይተው ያቀርቡልኛል።

ሚዛኑም እንደገና መውረድ ጀመረ። አንድ ስህተት ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቸኮልሁና ከአርባው ዶቃ ሃያውን ብቻ እያሳለፍሁ ሰነበትሁ። በስግደት ላይ ዞሮብኝ ወደቅሁ። ትዕግሥት የንስሐ አባቷ መሆኔን ረስታ ጮኸችብኝ። "ጾም ሌላ፣ ራስን ማስራብ ሌላ! አርባ ያልሁት አርባ እንዲበሉ ነው!" አለችኝ። እውነቷን ነው። ማሳነስም እንደ ማብዛት ይጥላል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ዓመት አልፎ ዳግመኛ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ሰማንያ አራት ኪሎ ነበርሁ። ሐኪሙ ፊቴን አይቶ ካርዴን ሁለት ጊዜ አነበበ። "አዎ፣ ያ የተቆጣሁህ ቄስ ነኝ" አልሁት። ደም ግፊቴ ወርዷል፣ ስኳሬም ከአፋፉ ተመልሷል። ይቅርታ ጠይቄ መረቅሁት። አስካለ ደግሞ ሐኪሙን "ሌሊት ትንፋሻቸው መቆሙን ትቷል" ብላ ስትነግረው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አለቃው ሰሞኔን የመለሱልኝ በክረምት ነው። እሑድ ነበር፣ ጉሙ ደጀ ሰላሙን ሸፍኖታል። ከቤተልሔም ወደ ላይ ስንወጣ አብሮኝ ለሚቀድሰው ቄስ ስለ በጎቼ በሽታ እያወራሁት ነበር፤ ወሬዬ ሳያልቅ ደጃፉ ላይ ደርሰናል። ውስጥ ገባን። ቅዳሴው ተጀመረ። ያ ረጅም ዜማ ተቃረበ። ባልደረባዬም እንዳለፈው ሊቀበለኝ ጠጋ ብሎ ቆመ። ጀመርሁት፣ ያዝሁት፣ እስከ ጫፉ ወሰድሁት፤ ትንፋሼ ተረፈ። ባልደረባዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ቅዳሴው ቀጠለ። ወደ ሕዝቡ ዞሬ "ሰላም ለኩልክሙ" አልሁ፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን ማለት ነው። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ "ምስለ መንፈስከ"፣ ከመንፈስህ ጋር፣ ብሎ መለሰ። ከሁሉ ዘግይታ፣ ከሴቶቹ በኩል፣ በለቅሶ የተቆራረጠች አንዲት ድምፅ "ምስለ መንፈስከ" አለች። አስካለ ናት። እስክትጨርስ ጠበቅኋትና ቀጠልሁ።